ሙት ወቃሽ

ስፔን ውስጥ አንድን የሞተ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ስትወቅስ የኖረች ተዋናይት አለች። ሰውየው ማርዮ ይባላል። ሁልጊዜም ሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው። አንድም ቀን መልስ ሰጥቷት አያውቅም። እሷ ሎላ ኤሬራ ትባላለች። አጠገቡ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተችው በ1979 ነው፣ በ44 ዓመቷ። (ዓመቶቹ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ሌላ ብዙ ቲያትር ሠርታለች፣ ፊልም ሠርታለች፣ ቴሌቪዥን ላይም ብዙ ታይታለች። ግን ዞራ ዞራ ወደ ማርዮ ትመለሳለች። ሰማንያን አልፋም እዚያው ሣጥን አጠገብ ነበረች። 

እኔ ይህችን ሴት በአካል መድረክ ላይ አይቻት አላውቅም። ያወቅኋት በአንድ ፊልም ነው፤ ስለ ፊልሙ ቆየት ብዬ አወራለሁ። እሱን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን ፈልጌ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አነበብኩ። ከዚያ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳገላብጥ ከረምኩ። ስለ አንድ ሰው በዚህ ልክ የሚያስጨንቀኝ ነገር ሲኖር ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ሚጌል ዴሊቤስ የቫያዶሊድ ሰው ነው፤ ጋዜጠኛም ደራሲም። በ1966 «ከማርዮ ጋር አምስት ሰዓት» የሚል ልብ ወለድ አወጣ። ታሪኩ አጭር ነው። ማርዮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ለከተማው ጋዜጣ ይጽፋል፣ በብስክሌት ይሄዳል፣ ለድሃ ይቆረቆራል፣ ለባለሥልጣን አያጎበድድም። በ49 ዓመቱ ድንገት ይሞታል። ለቀስተኛው ሲወጣ ሲገባ ይውላል። ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ ሲበተን ሚስቱ ካርመን ከአስከሬኑ ጋር ብቻዋን ታድራለች። ራስጌው የነበረውን መጽሐፍ ቅዱስ ታነሣለች። እሱ ሲያነብ ያሰመረባቸው ጥቅሶች አሉ። አንዱን ታነባለች፣ ከዚያ እሱን ይዛ ወቀሳ ትጀምራለች። ሌላ ጥቅስ፣ ሌላ ወቀሳ። እንዲህ እያለች ሊነጋ ይደርሳል።

ዴሊቤስ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ መጻፍ ሲጀምር ማርዮ በሕይወት ነበር። ግን ጊዜው የአምባገነኑ የጄኔራል ፍራንኮ ነው። እንደ ማርዮ የሚያስብ ሰው በራሱ አንደበት እየተናገረ ሳንሱርን ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ደራሲው ገጸ ባህሪውን ገደለው። ሐሳቡን ሁሉ ወስዶ ሐሳቡ በማይገባት ሚስቱ አፍ ውስጥ ጨመረው። ካርመን ባሏ ይላቸው የነበሩትን ነገሮች አንድ በአንድ እየጠቀሰች ስታማርር አንባቢው የማርዮን ድምፅ ይሰማል። የሳንሱሩ ሰውዬ ደግሞ የሚሰማው ሥርዓት ወዳድ የሆነች አንዲት ጨዋ የቤት እመቤትን ነው። ምን ብሎ ይሰርዘዋል? ለሳንሱር የተሠራ ብልጠት ብዙ አንብቤያለሁ፤ የዚህን ያህል የገረመኝ የለም።

ወቀሳው ብዙውን ተራ ነገር ነው። መኪና አለመግዛቱ ለምሳሌ። ያኔ ስፔን ውስጥ ሴአት 600 የምትባል ትንሽ መኪና ነበረች። በፊያት ፈቃድ እዚያው የምትገጣጠም፣ የድሮ የአዲስ አበባ ታክሲዎችን የምታስታውሱ በመልክ የምታውቋት መኪና ናት። ሰው ሁሉ ገዝቷል፤ እነ ካርመን ቤት ግን የለችም። ማርዮ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ማዕረጉ ብስክሌት ላይ ተፈናጦ ይሄዳል። ካርመን በኀፍረት ትሞታለች። ከዚያ ደግሞ የጋዜጣ ጽሑፉ፤ ገንዘብ አያመጣ፣ ጠላት ያፈራ። ከዚያ የጓደኞቹ ነገር። ከዚያ አማቾቿ። እዚያው ሐዘን ላይ ሆና የለበሰችው ጥቁር ሹራብ ጡቷ ላይ መጥበቁ ያሳስባታል። ሰው ምን ይላል?

እኛ ባደግንበት ቤት ሙት መውቀስ ነውር ነው። ሰው ሲያማ እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ይጀምራል። ካርመን እንዲህ ብላ አትጀምርም። ቀጥታ ትገባበታለች። መጀመሪያዎቹን ገጾች ሳነብ «ምን ዓይነት ነዝናዛ ሴትዮ ናት!» አልኩ። ዘረኛ ነገርም አለባት፣ ድሃ ትንቃለች፣ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን እንኳ ጥሩ ጥሩ ትዝታ አላት።

ሠርጋቸው ሌሊት ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ካርመን ምንም የማታውቅ ልጅ ናት። ስለ ሌሊቱ ማንም የነገራት የለም፤ ትፈራለች፣ ትጓጓለች። ማርዮ አልጋው ላይ ወጣ፣ ጀርባውን ሰጣትና «ደህና እደሪ» አላት። በቃ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ኖረው፣ አምስት ልጅ ወልደው፣ ዛሬ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ትጠይቀዋለች፤ ምን አድርጌህ ነው? ምናልባት ዓይን አፋር ሆኖ ነው። ምናልባት ማክበሩ ነበር። እሷ ግን እንደ ስድብ ይዛው ኖረች። ለሰው ልጅ ሁሉ የሚቆረቆረው ሰውዬ አጠገቡ ያለችውን ሴት አንድ ቀን ዞር ብሎ «ምን ሆንሽ?» ብሏታል ወይ? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አይመልስም። ብዙ ሐያሲዎች ሁለቱን እንደ ሁለት ስፔን ነው ያነበቧቸው፤ እሱ ተራማጁ፣ እሷ አሮጌው ሥርዓት። ልክ ነው፣ ግን እዚያች አልጋ ላይ ያ ሁሉ ምሳሌያዊ ትርጉም አይሠራም።

መጨረሻው ሌላ ነው። ፓኮ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለ። ድሮ እንደ ነገሩ የነበረ ሰው አሁን ሀብት በሀብት ሆኗል፤ ቀይ ሲትሮየን ይነዳል። አንድ ቀን ካርመንን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ከከተማ ወጣ አደረጋት። ሳማት። ከዚያ በላይ አልሆነም ትላለች፤ ትምላለች፣ ትለምናለች፣ ይቅር በለኝ ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትወቅስ ያደረችው ወደዚህ ኑዛዜ ለመድረስ ኖሯል። ሰውየው ግን ሞቷል፤ ማን ይቅር ይበላት?

ሎላ ኤሬራ የተወለደችው ጁን 30 ቀን 1935 ነው፣ በዚያችው በቫያዶሊድ። የኳስ ወዳጆች ከተማዋን በክለቧ ታውቋታላችሁ። ስፔኖች ደግሞ ጥርት ያለው ስፓኒሽ የሚነገረው ቫያዶሊድ ነው ይላሉ፤ እውነት ይሁን ተረት ክርክሩ አላለቀም። ያደገችው ዴሊስያስ በሚባለው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። አንድ ዓመት እንደሞላት የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ከተማዋም ወዲያው በአመፁት ጄኔራሎች እጅ ገባች። ስለዚህ ሎላ የካርመንን ትምህርት የተማረች ልጅ ናት። ሴት ልጅ ዝም ትላለች፣ ትታገሣለች፣ ታገባለች፣ ባሏን ደስ ታሰኛለች።

ያወጣት ድምፅዋ ነው። በልጅነቷ ሬዲዮ ላይ ዘፈነች፤ ከዚያ በሬዲዮ ድራማ ገባች፣ ገና ልጅ እግር ሳለች ወደ ማድሪድ ሄደች። ለፊልም ድምፅ መስጠትም እንጀራዋ ሆኖ ቆይቷል፤ ስፔን ውስጥ የውጭ ፊልም በአብዛኛው በስፓኒሽ ድምፅ ተለብጦ ነው የሚታየው። ዛሬም ቀረጻዋን ስሰማ ይህ ሬዲዮ ያሳደገው ጆሮዋ ይታወቀኛል። እስትንፋሷን የት እንደምትቆርጥ ታውቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር እየሮጠች ጀምራ መሐል ላይ ዝም ስትል ቀሪውን ሰሚው ራሱ በሐሳቡ ይጨርሰዋል። ፊት የማይታይበት ሥራ ላይ ያደገ ሰው ይህን ያውቅበታል።

የዚያ ጊዜ የመድረክ ኑሮ ቀላል አልነበረም። የማድሪድ ቲያትር ቤቶች በቀን ሁለት ጊዜ ያሳያሉ፤ አንዱ ወደ ምሽት፣ ሌላው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ። ተዋናይ ቤቱን የሚያየው ለመኝታ ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 1975 ተዋናዮቹ የሥራ ሁኔታችን ይሻሻል ብለው አድማ መቱ፣ መድረኮች ተዘጉ፣ ታዋቂ ሰዎች ሳይቀሩ ታሰሩ። ፍራንኮ የሞተው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ደግሞ ከ1965 ጀምሮ «ስቱዲዮ 1» በሚል ፕሮግራም ትልልቅ ቲያትሮችን ያስተላልፍ ነበር። አገሩ ሁሉ እነ ሎላን የለመደው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

በ1960 ዳንኤል ዲሴንታ የሚባል ተዋናይ አገባች። ከተዋናይ ቤተሰብ የተገኘ፣ መልከ መልካም ሰው ነው፤ አባቱ ማኑኤል ዲሴንታም የመድረክ ሰው ነበር። ሁለት ልጆች ወለዱ። በ1967 ተለያዩ። ተለያዩ ስል ግን በሕግ አይደለም። በዚያን ጊዜ ስፔን ውስጥ ፍቺ የሚባል ነገር የለም፤ የተፈቀደው በ1981 ነው። እስከ 1975 ድረስ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈረም፣ የራሷን የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ አትችልም ነበር። ሎላ ሁለት ሕፃናት ይዛ በቀን ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ እየወጣች የኖረችው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ባለትዳርም አይደለች፣ ፈትም አይደለች።

እንግዲህ በ1979 ካርመን የተሰጠቻት ለዚህች ሴት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሆሴ ሳማኖ፣ አዘጋጇ ሆሴፊና ሞሊና። ሞሊና ከስፔን የፊልም ትምህርት ቤት በአዘጋጅነት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዴሊቤስ ጋር ሆነው መጽሐፉን ለአንድ ሰው ቲያትር አሳጠሩት። ዴሊቤስ ራሱ በመሐሉ ሚስቱን አንኼሌስን ቀብሯል፤ በ1974 ነው የሞተችበት። ባል የሞተባትን ሴት የፈጠረው ሰው ቲያትሩ ሲታይ ራሱ ሚስቱን ያጣ ሰው ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 1979 ማድሪድ በሚገኘው ማርኪና ቲያትር መጋረጃው ተከፈተ። ሬሳ ሣጥን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ሌላ ማንም የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ እሷ ብቻ ትናገራለች።

ሰዉ ጎረፈ። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍራንኮ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሕገ መንግሥቱ ገና አንድ ዓመቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ካርመንን ያውቋታል። እናታቸው ናት፣ እህታቸው ናት፣ ራሳቸው ናቸው። በየመኝታ ቤቱ በሹክሹክታ የሚባለውን አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገረው ሰሙ። ወንዶቹ ምን ተሰማቸው? እኔም ብሆን እዚያ ወንበር ላይ የሆነች ሚስት አጠገብ መቀመጥ አልፈልግም ነበር።

ሎላም ካርመንን መሸከም ከበዳት። ትርኢቱ ላይ ሳለች መድረክ ላይ ራሷን ሳተች። ማታ ማታ የምትናገረው ነገር የገዛ ትዳሯን፣ የገዛ አልጋዋን መነካካት ጀምሯል። ሌላ ተዋናይት ቢሆን እረፍት ወስዳ፣ ሐኪም አይታ ትመለሳለች። እነ ሎላ ያደረጉት ግን ለሰሚም ግራ ነው። ሆሴፊና ሞሊና ካሜራ አመጣች። ሎላ የተለየችውን ባሏን ዳንኤልን ወደ መልበሻ ክፍሏ ጠራችው። «የማታ ትርኢት» የተባለው ፊልም እንዲህ ተሠራ፣ 1981 ላይ ወጣ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ፊልሙ ውስጥ የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጠባብ መልበሻ ክፍል፣ መስታወት። አንዳንዴ መድረኩ ላይ ካርመን ሆና እናያታለን፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ሎላ ትሆናለች። ዳንኤል መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ ነው። ጨዋታ ያውቃል፣ ይቀልዳል። ከተለያዩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ግን የድሮ መግባባት ገና አለ፤ አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርሳል። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን እንድታፈርስ ስለመጠየቁ ያወራሉ። ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሌሎች ሴቶች። ከዚያ ሎላ አንድ ነገር ትነግረዋለች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አልጋ ላይ ደስታ አግኝታ እንደማታውቅ፣ ያገኘች መስላ ስታስመስል እንደኖረች።

እዚህ ላይ አቆምኩት። ፊልሙን ማለቴ ነው። ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። የምታወራው ከባሏ ጋር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዳንኤል ፊት ከዐይኔ አይጠፋም። ተዋናይ ነው፣ ፊቱን መያዝ ያውቃል። በዚያው 1981 ለሕዝብ በተፈቀደው በሌላዋ የፊልም አዘጋጅ በፒላር ሚሮ ፊልም ላይ በሐሰት ተከሶ ሲገረፍ የሚውል ገበሬ ሆኖ ሠርቷል። ወታደራዊ ፍርድ ቤት ፊልሙን ከልክሎት ነበር፣ በግርፋቱ ትዕይንቶች የተነሣ። እዚያ ላይ ያየሁት ስቃይ ሁሉ ትወና ነው። መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ግን የሚይዘው ጠፋው። አልተቆጣም፣ አልወጣም። ያዳምጣል። ለእኔ ዳንኤልን ከማርዮ የሚለየው ይህ ነው፤ በሕይወት ነበር፣ መጣም፣ ተቀምጦ ሰማ። በ2014 ሞተ፤ እኔ የማስታውሰው በዚህ በመልበሻ ክፍሉ ፊልም ነው። ለአንድ ተዋናይ ይህ ፍትሕ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ፊልሙን የሚያደንቁ ሰዎች «ሎላ ካርመንን ሆነች» ይላሉ። አልስማማም። ካርመን ሌሊቱን ሙሉ ስትናገር የምትፈልገው ይቅርታ ነው። ሎላ ዳንኤልን ይቅር በለኝ አላለችውም። የጠየቀችው ሒሳብ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት ምን ነበር? እንዲያውም ካርመንን ብትሆን ኖሮ ሰውየው እስኪሞት ትጠብቅ ነበር። ገጸ ባህሪዋ ያልቻለችውን ነገር እሷ በቁም አደረገችው። መድረክ ላይ ደግሞ ማታ ማታ ተመልሳ ያልቻለችዋን ሴት ትጫወታለች። ለአንድ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ስለ ሎላ ሲወራ አንድ ስም አብሮ ይነሣል፤ ኑርያ ኤስፔርት። ኤስፔርት የተወለደችው በዚያው ወር፣ ጁን 11 ቀን 1935፣ ባርሴሎና አጠገብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የሚለያቸው። ግን መንገዳቸው ለየቅል። ኤስፔርት በ19 ዓመቷ የታመመች ተዋናይት ተክታ የጥንቱን የግሪክ ትራጄዲ ሜዲያን ተጫወተች፣ ከዚያ ወደ ታች አላየችም። ሐምሌትን ተጫውታለች። በ1971 በስፔናዊው ገጣሚ በሎርካ «ዬርማ» በተወጠረ ሸራ ላይ እየተንሳፈፈች፣ እየወደቀች ተጫውታ ዓለምን ዞረች። ኦፔራ አዘጋጀች፤ የባርሴሎናው ሊሴው ኦፔራ ቤት ተቃጥሎ በ1999 ሲከፈት «ቱራንዶት»ን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ሰማንያ ሊሞላት ሲል ንጉሥ ሊርን ሆነች። ስፔን ውስጥ ታላቂቱ የመድረክ ተዋናይት ማናት ሲባል ሽልማቱም ምሁሩም ወደ ኤስፔርት ያዘነብላል።

እኔ ለሎላ አደላለሁ። ምክንያቴ የእውቀት አይደለም፣ የቅርበት ነው። ኤስፔርት ንግሥት ናት፣ ከሩቅ ትታያለች። ሎላ ሳሎን ውስጥ ናት። የምትጫወታቸው ሴቶች ኪራይ ይከፍላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይጣላሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ የዳንስ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆና በተከታታይ ድራማ ስትሠራ ማርዮን ሰምቶ የማያውቅ ጎረምሳ ሁሉ አወቃት። የገጸ ባህሪዋ ስም እዚያም ካርመን ነው፤ ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ እግዜር ይወቅ። እዚያው ድራማ ላይ አብራት መምህርት ሆና የሠራችው ናታልያ ሚያን በ2010 የማርዮን ሚስት ተረክባ ተጫወተች፤ አዘጋጇ ያችው ሆሴፊና ሞሊና። ሚናው እንግዲህ ወጣት አገኘ፣ ሎላም አረፈች ተባለ። አላረፈችም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥቁሯን ለብሳ ተመለሰች።

ለምን? ገንዘብ ይሆናል፤ የተዋናይ ኑሮ ነውና ይህን ማለት ነውር አይደለም። የቲያትሩ ስም ብቻ አዳራሽ ይሞላል። ግን ያ ብቻ አይመስለኝም። ቃሉ ያው ነው፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም ቢባል ይቀላል። ሰሚው ግን ተለወጠ። በ1979 ካርመን ስለ ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ስለ ጥቁር ሰው፣ ስለ ድሃ የምትለው አዳራሹ ውስጥ ቁጣም ሆነ ስምምነት ነበረው፤ እንደ እሷ የሚያስቡ ሰዎች እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ዓረፍተ ነገር ያስቃል። ከዚያ ሣቁ መሐል የሠርጉ ሌሊት ይመጣል፣ ሣቁ ይቆማል። አያቶቻቸውን ብቻ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ይቺን ሴት እንደ ጠላት አያዩአትም። ተምራ ብትሆን፣ ተጠይቃ ብትሆን ምን ትሆን ነበር እያሉ ነው የሚወጡት። ተዋናይቷም ያንን ታውቃለች። ቀደም ብላ በቁጣ የምትለውን ኋላ ላይ በድካም ትለዋለች።

ዕድሜውስ? ካርመን ትንሽ ልጅ ያላት እናት ናት። ሎላ ሰማንያ አልፏታል። ሲኒማ ይህን አይፈቅድም፣ ካሜራ ምሕረት የለውም። ቲያትር ግን ይፈቅዳል። የሰማንያ ዓመት ሴት ተነሥታ «ገና ወንዶች መንገድ ላይ ዞረው ያዩኛል» የሚል ዓይነት ነገር ስትናገር ተመልካች ያምናታል። እንዲያውም ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ካርመን ከዚያች ሌሊት በኋላም ኖራለች ማለት ነው፣ አርጅታለች፣ ያችኑ ወቀሳ ግን አልጨረሰችም።

ዘጠና ዓመት ሊሞላት ሲል ሌላ ቲያትር ያዘች። ይሄኛው ከአፍሪካ ነው። የደቡብ አፍሪካው አቶል ፉጋርድ በ1980ዎቹ የጻፈው «የመካ መንገድ»። መነሻው እውነተኛ ሰው ነው። ኒው ቤተስዳ በምትባል፣ ካሩ በሚሉት ደረቅ ምድር ውስጥ ባለች ትንሽ መንደር ሄለን ማርቲንስ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። የቤቷን ግድግዳ በተፈጨ ባለቀለም ጠርሙስ ሸፈነችው። ግቢዋን በሲሚንቶ ጉጉቶች፣ ግመሎችና መንገደኞች ሞላችው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞሩ። መንደርተኛው አበደች አለ። በቲያትሩ ሚስ ሄለን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መፍጠር የጀመረችው እሱን ከቀበረች በኋላ ነው። የመንደሩ ፓስተር የአረጋውያን መጦሪያ ልትገባ የምትስማማበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ለደግ ነው፣ ለደኅንነቷ ነው። አንዲት ወጣት መምህርት ደግሞ ከኬፕታውን ረጅም መንገድ ነድታ ትመጣና እንዳትፈርም ትሟገታታለች።

እንደገና ባል የሞተባት ሴት። ግን ይህቺኛዋ ሟቹን አትወቅስም፣ ጊዜም የላት፤ ሲሚንቶ ታቦካለች። ሎላ በዚህ ዕድሜዋ ሚናውን መምረጧ ለእኔ ከሽልማቶቿ ሁሉ ይበልጣል። ስለ እሷም ሰው የሚያወራው ያንኑ ነው፤ መቼ ታቆማለች፣ እንዴት ትችላለች፣ አይበቃትም ወይ?

ወጣቷን መምህርት የምትጫወተው ናታልያ ዲሴንታ ናት። የሎላና የዳንኤል ልጅ። የጃዝ ዘፋኝም ናት፣ ድምፁን ከእናቷ ወስዳለች። በ1981ዱ ፊልም ላይ ከወንድሟ ጋር ትታያለች፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ፣ ወላጆቿ ካሜራ ፊት ሲፋጁ በመሐል ብቅ የምትል። በብዙ ቃለ መጠይቅ ስለዚያ ፊልም ትጠየቃለች፤ መሰልቸቷ አይቀርም። አሁን ማታ ማታ እናቷ ፊት ቆማ አትፈርሚ ትላታለች። ሎላም ወረቀቱን ታነሣለች፣ ትመለከተዋለች፣ ለፓስተሩ ትመልስለታለች።